የቅጥራን ቆጠራ

ጠርሙሱ ውስጥ አለች፣ ማንኪያ የማትሞላ፣
ከዛብዤ የከሰል ምድጃ የወረደች አተላ፤
ለመዶሻ ብርጭቆ፣
ለትዕግሥት ግን ማር።
መስኮት ላይ ብትተዋት፣ ወር ቆጥራ፣ ዓመት ቆጥራ፣
ዘንበል ወዳለው ጎን ታዘግማለች፣ ሰው ሳይጠራት፣ ሰው ሳትጠራ።

«ባለ መዓዛ» ይሉታል ዘሯን፣ የቀደሙት ሊቃውንት፤
እኔ የማውቀው ሽታዋን ነው፣ ከአባቴ ካፖርት፣
የናፍታሊን፣ የጎማ ቃጠሎ፣ የቅዳሜ ሳሙና ያልቻለው፣
እናቴ ደጅ የምትሰቅለው፣ ርግቦቹ የሚሸሹት፣ ዝናብ የማያጥበው።

አባቴ ኤርቪን የምድጃ ክዳን ከፋች ነበር፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከጋለው ጣራ ላይ፣ በእንጨት ሶል ሲንገታገት የኖር።
የመዳፉ መሥመር ሁሉ በቅጥራን የተጻፈ፤
ያነበበለት ሳይኖር አለፈ።

መጀመሪያ እንደ ደንቡ፣ በቶሉይን አሟሟናት፤
የሟሟውን ካልሟሟው ለይተን መዘንናት፤
በማግኔቱ ጉሮሮ ውስጥ አሽከርክረን ጠየቅናት።
ወረቀቱም መለሰ፦ «ቀለበት፣ አምስት ነጥብ ሰባት፤
ጅራት፣ ዜሮ ነጥብ ስምንት።»
ሣቅሁ። በዚህ ጥቁር ቀዬ እንዲህ ያለ ፍጡር አልተወለደም፤
ቀለበት አይሸረፍም፣ ጅራት በሲሶ አይቆረጥም።
ፋብሪካው ለእናቴ የላከው ደብዳቤም እንዲሁ ነበረበት፦
«የሠራተኞቻችን አማካይ ዕድሜ፣ ሥልሳ ሦስት ነጥብ ሁለት።»
አባቴ በሃምሳ አራቱ ነው ያረፈው፣ ማክሰኞ፣ ከቀትር በፊት፣
ለርግቦቹ ያስቀረው በቆሎ ከኪሱ ሳይወጣለት።

ስለዚህ ጠርሙሷን ይዤ በባቡር ክራኮቭ ወረድሁ፤
ምድር ቤት ውስጥ ቦጉሚል የሚባል፣ ድምፁ የሰለለ ሰው አገኘሁ፤
ላይ ትራም ሲያልፍ ሥራ የሚያቆም፣
ለመርፌው ብሎ ሳሉን የሚውጥ፣ በሩን የማይዘጋ እንዳያሰማ ድም።
መዳቡ ላይ ጨው ነሰነሰ፣ ሁለት አቶም ውፍረቱ፤
ቅጥራኔን በላዩ አተነነ፣ ተራርቆ እንዲያርፍ ጎረቤት ከጎረቤቱ።
ብርዱ ከፍጹም ዜሮ በአምስት ብቻ ከፍ ያለ፤
የሚንቀጠቀጥ እንኳ የለም፣ ሁሉም ባረፈበት ዋለ።

«የመርፌው ጫፍ ምንድን ነው?» አልሁት። «ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አንዲት ፍሬ፤
ከእሷ የቀጠነ ጣት አላገኘንም፣ እስከ ዛሬ።»
ዝም አልሁ። ያችው ናት፣ ሽታ የሌላት፣ መልክ የሌላት፣
የእናቴን አባት ከጉድጓዱ ሥር በእንቅልፉ የሳመች፤
ዛሬ እንደ ዕውር ጣት፣ በጨለማ፣ የሌላውን ፊት ትዳስሳለች።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መጣ፣ ስክሪኑ ላይ፣ መሥመር በመሥመር፤
መጀመሪያ ጉም፣ ከዚያ ጠርዝ፣ ከዚያ የንብ ቤት አጥር።
ስድስት ጎን ከስድስት ጎን ተደጋግፈው ቆሙ፣
እንደ ሰፈራችን የጡብ ቤቶች፣ በአንድ ግድግዳ እየተሰማሙ፣ በአንድ ግድግዳ የሚታመሙ።
አንዱ ሰባት ቀለበት፣ አክሊል የመሰለ፤
አንዱ ጥጉ ላይ አምስት ጎን ብቻ፣ የጎበጠ፣ የጎደለ፤
አንዱ በትንሽ ጅራቱ ከጨዉ ላይ የተንጋደደ።
ሰባ ሦስት ቆጠርን።
መንትያ የሚባል አልተወለደ።

እውነቱን ልናገር? ስፈልግ የነበረው አንዱን ነው፤
አምስት ቀለበት፣ ጎኑ ላይ እንደ ወደብ የሰረጎደ ቦታ ያለው፣
በሐኪሙ ወረቀት ስሙ ከአባቴ ሳንባ አጠገብ የተጻፈው።
«እሱ ቀላል ነው» አለ ቦጉሚል፤ «ገና ሲሞቅ ተንኖ ሄዷል።»
ባገኘውስ ምን እለው ነበር?
ስድስት ጎን ያለው ነገር ሲወቅሱት ምን ይላል?

አርባ አንደኛው ስም አልነበረውም፣ በየትኛውም መዝገብ።
ቦጉሚል ብዕሩን ዘረጋልኝ።
ቁጥሩን ብቻ ጻፍሁ።
ዘገባው ግን አማካይ ይጠይቃል፣ ገዢው የሚያውቀው እሱን ነው፤
አምስት ነጥብ ሰባትን ጻፍሁለት፣ ሰባ ሦስቱን ፊት ከጀርባው።

ንጋት ላይ፣ በባቡሩ፣ ኪሴ ውስጥ ጠርሙሷን ዳሰስሁ፤
በጎኗ ተኝታ ነበር፤ ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁ፦
ሌሊቱን ሙሉ፣ በገላዬ ሙቀት፣
ጠጉር ታህል
ወደ እኔ ተጠግታለች።